ክር ያልገባበት መርፌ

የማያምን አይመን፤ አልቀየመውም። እኔም ከሰው አፍ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ግን አልሰማሁትም... አይቼዋለሁ።

ደግሞ የሌሊት ታሪክ እንዳይመስላችሁ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ ሰው ሁሉ ምሳ ፍለጋ የሚበተንበት ሰዓት። ቦታው ጥልፍ ቤት ነው። መስኮቱ ሰፊ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መደርደሪያው ላይ በየቀለሙ የተደረደረ የክር ጥቅል። እንደዚያ ባለ ብርሃን ውስጥ ምን ያስፈራል ትሉ ይሆናል።

እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

ነገሩ የደረሰው በጓደኛዬ ላይ ነው። አንዲት ጠባብ ሱቅ እንካፈላለን፤ እኔ ሞባይል እጠግናለሁ፣ እሱ ኮምፒውተር ይጠግናል። ይጠግናል ከተባለ ነው እንግዲህ! ለሁሉ በሽታ መድኃኒቱ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ ሠፈሩ ሁሉ "ፎርማት" እያለ ነው የሚጠራው። ኮምፒውተር ዘገየ? ፎርማት። ድምፅ አልሰጥ አለ? ፎርማት። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ሳስነጥስ ቢሰማ፣ "አንተም ሳትፎረመት አትድንም" አለኝ።

ሙያውን ግን አልነፍገውም። በተለይ አሮጌውን ዊንዶው በሲዲ መጫን ላይ እሱን የሚያህል የለም። ዛሬ ሲዲ ማን ያስቀምጣል? እሱ ያስቀምጣል። ጭረት እንዳይነካው በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው።

ያ ሲዲ ዛሬም የሚፈለግበት አንድ ቦታ ነበር... የእህቱ ጥልፍ ቤት።

እህቱን "እታለም" ነው የሚላት። ታላቁ ናት፤ ያሳደገችውም እሷ ናት። የጥልፍ ማሽኗ ግን ዕድሜው ገፍቷል፣ ከአሮጌው ዊንዶው በቀር የማንንም ትእዛዝ አይሰማም። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ሊያስማሙት ሞክረው እንቢ ብሏቸዋል። ስለዚህ ጥግ ላይ የተቀመጠው ወፍራም ኮምፒውተር ታመመ በተባለ ቁጥር የሚጠራው ወንድም ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች። "እጀ ወርቅ" ይሏታል። የትምህርት ቤት ዓርማ በሉት፣ የሆቴል ፎጣ በሉት፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ላይ የሚጠለፍ ስም በሉት፣ መጀመሪያ እሷ ናት ኮምፒውተሩ ላይ ነጥብ በነጥብ የምትስለው። ማሽኑ ነጥቧን እየተከተለ ይወጋል።

ፎርማት ገና ሥራ እንደጀመረ አንድ ነገር አስተምሯት ነበር።

"እትዬ፣ ሲ የኔ ነው፣ ዲ የእርስዎ ነው።"

"ምን ማለትህ ነው ልጄ?"

"ሃርድ ዲስኩ ሁለት ክፍል አለው፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ሲ የሚባለውን አጠፋለሁ፣ ዲ የሚባለውን አልነካም። የሚሳሱለትን ነገር ሁሉ ዲ ላይ ያስቀምጡ።"

አስቀመጠች። የዕድሜዋን ሥራ በሙሉ፣ አንድ ሳታስቀር፣ በሱ ቃል ታምና ዲ ላይ አስቀመጠች።

ሌላም ነገር አለ... ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀው።

የእጀ ወርቅ ዓይን እየደከመ ነበር። አንድ ቀን ሰው አለመኖሩን አይታ፣ "ልጄ፣ ይሄ ፊደል አነሰብኝ። ሆድህ ውስጥ ይቅር እንጂ..." አለችው። እሱም ፊደሉን አተለቀላት። የማውሱንም ቀስት አውራ ጣት አሳከለላት። ደስ ብሏት መረቀችው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ብዙም አትስልም። የድሮ ሥራዋን ከዲ ታወጣለች፣ እዚህም እዚያም ትነካካዋለች፣ ለማሽኑ ትሰጠዋለች። እነዚያ ፋይሎች ከሌሉ መተዳደሪያዋም የለም። ይህን ደግሞ ፎርማት ከማንም በላይ ያውቃል።

ያ ክፉ ቀን መጣ። ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ።

ሁሉም ምሳ ወጡ። ፎርማት ብቻውን ቀረና ሲዲውን አስገባ። ሰማያዊው ገጽ መጣ። አሮጌ ዊንዶው ጭናችሁ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፤ ሃርድ ዲስኩን ከፋፍሎ፣ ይኸው ሲ፣ ይኸው ዲ፣ የትኛው ይጥፋ ብሎ ይጠይቃል።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። "ላፕቶፔ ዛሬም አልደረሰም?" የሚል ደንበኛ ነው። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ እየተጨቃጨቀ ማጥፊያውን ተጫነ። አረጋገጠ።

ከዚያ እጁ ደገመው።

ሱቃችን ውስጥ ለሽያጭ የሚዘጋጅ ኮምፒውተር ሲጭን አንድ ሳያስቀር ነው የሚያጠፋው። እጁ የለመደው ያንን ነው። ልቡ ስልኩ ላይ፣ እጁ ልማዱ ላይ...

ደንበኛውን ሸኝቶ ቀና ሲል ሲም ዲም የለም። አንድ ባዶ ሜዳ ብቻ። ፎርማቱም ጀምሯል፤ ቢጫው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየሞላ ነው።

ክው አለ።

እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስህተቱን አይደለም የምላችሁ፤ መሳሳትስ ማንም ይሳሳታል። ኮምፒውተሩን በዚያች ቅጽበት ቢያጠፋው ኖሮ ብዙውን መመለስ ይቻል ነበር። ያውቃል። ለስንት ሰው ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ለዚያ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሱቅ መውሰድ፣ ሰንብቶ መልፋት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ "እታለም፣ አጠፋሁት" ብሎ መናገር አለ።

እጁን የኮምፒውተሩ መብራት ማጥፊያ ላይ አደረገ...

አነሣው።

ቢጫው መስመር እስኪሞላ ድረስ ቁጭ ብሎ አየው። ክፍሉ ውስጥ ከሱ ሌላ ማንም አልነበረም።

ከምሳ ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ጥርት ብሎ ተከፍቷል። እጀ ወርቅ ተቀመጠች። ማውሱን ያዘች። ፈለገች... እንደገና ፈለገች።

"ልጄ፣ ዲ የታለ?"

ፎርማት ኬብል እየጠቀለለ ነበር። ቀና አላለም። "ባዶ ነበር እትዬ። ስከፍተው ምንም አልነበረበትም።"

"ትናንት እኮ ሠርቼበታለሁ።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ባዶ ነበር።"

እታለም ሁለቱንም አየቻቸው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የዩኒፎርም ትእዛዝ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። "ታዲያ ማን አጠፋው?" አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን የፈራ ሰው ምላሱ ይቀድመዋል። እህቱን ወደ በሩ ሳብ አደረጋት።

"እታለም... እንዳትቆጫቸው።"

"ምንድነው?"

"ዓይናቸው እኮ አያይም።"

"ምን?"

"ቀስ በይ... ቆይቷል። ፊደሉን ያተለቅኩላቸው እኔ ነኝ። ሳያውቁት አጥፍተውት ይሆናል።"

በሹክሹክታ ነው ያለው። ዓይን ሲደክም ጆሮ እንደሚበረታ ረስቶታል። ዞር ሲል የእጀ ወርቅ እጅ ከማውሱ ላይ ወርዶ ጭኗ ላይ ነበር።

እታለም ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ሥራ ያስጨነቀው ሰው ማድረግ የማይገባውን ያደርጋል። ከመደርደሪያው ሁለት የክር ጥቅል አነሣች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ዘረጋችላት።

"እትዬ፣ ሰማያዊው የትኛው ነው?"

እጀ ወርቅ ከወንበሯ ተነሣች። መቀሷን በመሃረብ ጠቀለለች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ በሩን በእጇ ዳብሳ ወጣች። አላለቀሰችም። አልረገመችም።

"ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ ፎርማት ኋላ።

ያን ሰሞን ፎርማት ሰው አልሆነም። ቀልዱ ጠፋ። ሰው ኮምፒውተር ይዞ ሲመጣ፣ "ውስጡ ምን አለ? እርግጠኛ ነህ? ሌላ ቦታ አስቀምጠሃል?" እያለ ደንበኛውን ያሰለቻል። የእጀ ወርቅ ቤት በሱቃችን በኩል ሲታለፍ ነው፤ በዚያ መንገድ መሄድ ተወ። ታማለች ተባለ። "ነገ እጠይቃታለሁ" አለ። ነገም ነገ ወለደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ከበደው።

አንድ ጠዋት እታለም ደወለች።

"ይህን ኮምፒውተር ምን አድርገኸው ነው? ፊደሉ ሁሉ ጎልያድ ሆኗል!"

ፎርማት ሄደ። እውነትም... ፊደሉ ትልቅ ነው። የማውሱ ቀስት አውራ ጣት ያክላል።

ነገሩ ገብቷችኋል? ለእጀ ወርቅ ያስተካከለላት ነው። ግን ያ ሁሉ ከሲ ጋር ጠፍቷል። በንጹህ የተጫነ ዊንዶው ያለፈውን አያውቅም። ከየት አምጥቶ ያውቃል?

"ማን ነካው?"

"ማን ይነካዋል? ሌላ ሰው እስካገኝ እኔው ነኝ የምሠራበት።"

አሳነሰው። በማግስቱ ተልቆ አደረ። እንደገና አሳነሰው። እንደገና...

ቀጥሎ የተደወለለት ጊዜ እታለም አልተቆጣችም። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ና እስቲ። ማሽኑ በራሱ ተነሣ።"

"እንዴት በራሱ?"

"ክር እንኳ አላስገባሁበትም... ይወጋል።"

ሲደርስ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። ፍሬሙ ላይ የተወጠረው ነጭ ጨርቅ ምንም የለበትም። ነጭ ነው። እታለም ፈታችውና ወደ መስኮቱ ይዛው ቀረበች። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾለከ... የመርፌ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ክር የሌላቸው።

"ውይ! ይሄማ ዓርማ ነው! የዚያ የትምህርት ቤቱ ዓርማ... ወፏ፣ ይኸው ክንፏ!" እታለም በደስታ እጇን አጨበጨበች። "አልጠፋም ማለት ነው! አንተ፣ ፋይሉ አለ ማለት እኮ ነው!"

ፎርማት ጨርቁን ተቀብሎ በጣቱ ዳበሰው። በጀርባው በኩል እያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዙ ወጣ ብሎ ይሻክራል። ዓይንን ጨፍኖ እንኳ ሊነበብ ይችላል።

ኮምፒውተሩን ከፈተ። አንድም ፋይል የለም።

በየቀኑ አንድ ይወጣ ጀመር። የሆቴሉ ፎጣ ዓርማ። የክሊኒኩ። የአንድ ሕፃን ስም። የጠፉት ሁሉ በየተራ፣ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ያለ ክር። እታለም ቀዳዳውን በእርሳስ እየተከተለች ቀዳችውና ተጠቀመችበት። "ምን ቸገረኝ፣ በረከት ነው" አለች።

ወንድሟ ግን እንቅልፍ አጣ። ጉንጩ ጎደጎደ።

አንድ ቀን ሲዲውን ከጨርቁ አወጣና፣ "አብረኸኝ ና" አለኝ።

"ወዴት?"

"እታለም ጋ። ኮምፒውተሩን ልፎርምተው ነው።"

"እኔ ምን አደርጋለሁ?"

"ዕቃ ታቀብለኛለህ።"

ሲዲ ለማቀበል ረዳት የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን ፊቱን አየሁና ሱቁን ዘግቼ ተከተልኩት።

ይኸውላችሁ... ያ ሰዓት ይህ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። እታለምም "ምሳዬን በልቼ መጣሁ" ብላ ወጣች። ክፍሉ ፀጥ ብሏል። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

ፎርማት መጀመሪያ ማሽኑንና ኮምፒውተሩን የሚያገናኘውን ኬብል ነቀለው። ነቅሎ አሳየኝ። "አየህ አይደል?" "አየሁ" አልኩ። ከዚያ ሲዲውን አስገባ።

ሰማያዊው ገጽ ወጣ።

ፎርማት ወደ ኋላ አለ።

"ምነው?" አልኩት።

"ፊደሉን እየው..."

ትልቅ ነበር። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ገጹን ሞልቶታል። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ትርጉሙ አልገባኝም።

"ይሄ ገጽ የሚመጣው ከሲዲው ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "ማንም ሊያተልቀው አይችልም። እኔም አልችልም።"

"ተወው ይቅርብህ... እንሂድ።"

"አይ። አሁን ንጹህ ይሆናል።"

ሁሉንም አጠፋ። ፎርማት አደረገ። ቢጫው መስመር እስኪሞላ ዓይኑን አልነቀለም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፣ ፋይሉን መገልበጥ ጀመረ። ጥግ ላይ የቀረውን ደቂቃ ይጽፋል፤ ታውቁታላችሁ፣ እየቀነሰ የሚሄድ ነው።

እየጨመረ ሄደ።

ከዚያ የማውሱ ቀስት ተንቀሳቀሰ። ማንም አልነካውም። ቀስ ብሎ... ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። ማየት የተሳነው ሰው ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄደው።

"እንደሷ ነው" አለ ፎርማት። "እንደዚህ ነው የምትገፋው።"

"እንደ ማን?"

ከኋላችን ድምፅ መጣ።

ጠቅ።

ጠቅ... ጠቅ።

ማሽኑ ነው። ኬብሉ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ መርፌው ግን ይወጣል፣ ይወርዳል። ክር አልገባበትም። ፍሬሙ ትንሽ ወደ ግራ ይሄዳል፣ መርፌው ይወጋል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ይወጋል። እግሬ አውጪኝ ብዬ እንዳልሮጥ እጄን ፎርማት ጨምድዶ ይዞታል።

በሩ ተከፈተ። እታለም ናት። "ዛሬስ ምን አመጣልን?" ብላ እየሳቀች ቀረበች።

ሄጄ የማሽኑን ሶኬት ነቀልኩት። ማሽኑ ሥራውን እንደጨረሰ ሁሉ ተንፍሶ ቆመ። እታለም ጨርቁን ፈታችና ወደ መስኮቱ ያዘችው።

ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ይሄ ዓርማ አይደለም..."

ጠጋ ብዬ አየሁ። በቀዳዳዎቹ የሚሾልከው ብርሃን ሰው ሠርቷል። ከጀርባው የሚታይ፣ የተቀመጠ ሰው። ከፊቱ ኮምፒውተር አለ። አንድ ትከሻው ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ አንገቱ ወደሱ ዘሟል።

"ምን ሆኖ ነው አንገቱ እንዲህ የተጣመመው?" አለች እታለም።

"ስልክ የያዘ ይመስላል" አልኩ እኔ ሞኙ። "በትከሻው... እዩት፣ አንድ ጣቱም ቁልፉ ላይ ነው።"

ፎርማት ከኋላችን የሆነ ድምፅ አሰማ። ዞር ስንል ተንበርክኳል።

"እታለም... እኔ ነኝ።"

"ምን እኔ ነኝ?"

"ዲን ያጠፋሁት። እሳቸው አይደሉም። ስልክ እያወራሁ... እጄ... ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።" እንባና ንፍጡ ተደባለቀ። "ፈራሁሽ። ፈራሁና ዓይናቸውን ሸጥኩት። ያመኑኝን ነገር አውጥቼ ሸጥኩት።"

እታለም አልጮኸችም። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። "እኔ እኮ ክር ዘረጋሁላት" አለች። "በሰው ሁሉ ፊት... እንደ ሕፃን ፈተንኳት።"

"ደውይላቸው" አለ ፎርማት። "አሁን ደውይ። ይመለሱ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት በያቸው።"

ስልኳን አወጣችና ሦስታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የእጀ ወርቅ ልጅ አነሣች።

"እትዬን አገናኚኝ የኔ ልጅ።"

"እማዬ አልተሻላትም" አለች ልጅቷ። "ከናንተ ጋ የወጣች ዕለት እንደተኛች ናት። ቃል አይወጣትም። ጣቷን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው... አንሶላውን ስትዳብስ ነው የምትውለው።"

እታለም ዓይኗን ጨፈነች። "ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ። ትሰማ ይሆናል።"

ልብስ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

"እትዬ... እኔ ነኝ። በድዬዎታለሁ። ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎ... ይመለሱልኝ።"

ከስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ትንፋሿ መስሎኝ ነበር።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ማሽኑን አየሁት። ቆሟል። የነቀልኩት ሶኬት ወለሉ ላይ ነው።

"ወዴት ነው የምመለሰው ልጄ?"

የእጀ ወርቅ ድምፅ ነው። የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም፤ ሥራ ላይ እያለች የተጠራች፣ ትንሽ የሰለቸች ሴት ድምፅ ነው።

"ወደዚህ እትዬ... ወደ ሥራዎ።"

"ኧረ እኔ ከዚህ የት ሄጄ? እዚሁ ቁጭ ብዬ አይደል እንዴ የምሠራው።" ጠቅ... ጠቅ። "ይልቅ ወንድምሽን አንድ በይልኝ። ስንት ጊዜ አጠገቤ ቆሞ ሲዲውን ሲያስገባ ሲያወጣ፣ ዞር ብሎ ሰላም እንኳ አላለኝም።"

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ። ሹክሹክታዋ እየተቆራረጠ ነበር።

"ማን ነው... አሁን ማን ነው የተናገረው?"

"እናትሽ ናቸው እንጂ!"

"እማዬ አፏን አልከፈተችም።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ያለውን ተሽከርካሪ ወንበር አየነው። ባዶ ነው። ማንም የለበትም። ግን የስፖንጁ መሃል ሰርጉዷል፤ ሰው የተቀመጠበት ያህል ወርዷል።

እታለም የሹራቤን እጅጌ ያዘች።

ፎርማት ከተንበረከከበት ተነሣ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። ሊሮጥ ነው ብዬ ነበር፤ አልሮጠም። ወደ ወንበሩ ሁለት እርምጃ ቀረበና፣ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"እንደምን ዋሉ እትዬ..."

ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደሱ ዞረ።